ሳንቲሙ ያው፤ ስሙ ሌላ

(በነዋሪዎች ማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ ስለ አሮጌ የአሜሪካ ሳንቲሞች ደረጃ አሰጣጥ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምናነሣው ጉዳይ ለብዙዎቻችሁ ትንሽ መስሎ ሊታይ ይችላል። «ሳንቲም ሳንቲም ነው፤ ደግሞ ለሳንቲም ምን ንግግር ያስፈልገዋል?» የሚል አይጠፋም። ሆኖም በዚሁ በሰፈራችን በአንዲት ዳይም ምክንያት፣ ያውም በእኛ በተናጋሪዎቹ ስሕተት፣ አንዲት እናታችን ገንዘብ አጥተዋል። ነገሩን በአደባባይ እንድንናገር እሳቸው ራሳቸው ፈቅደውልናል፤ ስማቸውን ግን አንጠራም። ስብሰባው ላይ ላልተገኛችሁም እንዲደርስ ንግግሩ ይኸው በሰሌዳችን ላይ ተለጥፏል።

እኛን ታውቁናላችሁ፤ አራት ጓደኛሞች ነን። ነጋዴዎች አይደለንም፤ በትምህርት ቤትም የተማርነው ነገር አይደለም። በ1980ዎቹ (ዓመቱን ሁሉ የምንናገረው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው) ዋሽንግተን ውስጥ በመኪና ማቆሚያ ገንዘብ ተቀባይ ሆነን ስንሠራ፣ ከምንቀበለው ዝርዝር መካከል አልፎ አልፎ ጀርባዋ ላይ ሁለት የስንዴ ዛላ ያለባት የድሮ ፔኒ ትገኝ ነበር። ከ1909 እስከ 1958 የተመታችው ፔኒ ናት። ታዲያ ከኪሳችን አንድ ሌላ ሳንቲም እንተካና እሷን እናስቀራለን። እንዲህ እንዲህ ስንል ሱሱ ያዘን፤ እስከ ዛሬም አልለቀቀን።

ሳንቲም ሰብሳቢ ምኞቱ የእያንዳንዱን ዓመትና የእያንዳንዱን መምቻ ቤት ሳንቲም አንዳንድ አድርጎ በካርቶኑ ቀዳዳ ውስጥ መደርደር ነው። አብዛኛው በቀላሉ ይሞላል። ጥቂት ቀዳዳዎች ግን ለዓመታት ባዷቸውን ይቀራሉ፤ ምክንያቱም በዚያ ዓመት በዚያ መምቻ ቤት የተመታው ሳንቲም እጅግ ጥቂት ነው። ፈረንጆቹ «ኪ ዴት» ይሉታል፤ እኛ ደግሞ ብርቅ ዓመት እንለዋለን። ለምሳሌ በ1916 ፊላደልፊያ ላይ ከ22 ሚሊዮን በላይ ዳይም ሲመታ ዴንቨር ላይ የተመታው 264,000 ብቻ ነው። በ1909 ሳን ፍራንሲስኮ ላይ የሠዓሊው ስም መነሻ ፊደላት ያሉባት ፔኒ የተመታችው 484,000 ያህል ናት። የ1877 የሕንድ ራስ ፔኒ 852,500 ነበረች። በ1893 ሳን ፍራንሲስኮ ላይ የተመታው የብር ዶላር ደግሞ 100,000 ብቻ ነው።

ልብ በሉ፤ የ1916 የዴንቨር ዳይም በወጣበት ጊዜ አብዛኛው ሰው ብርቅ መሆኑን አላወቀም። ዳቦ ተገዛበት፣ የባቡር ዋጋ ተከፈለበት፣ ከኪስ ወደ ኪስ ሲዞር ኖረ። ስለዚህ ዛሬ የሚገኘው አብዛኛው ያለቀ፣ የተፋቀ፣ ልሙጥ ሊሆን የደረሰ ነው። እንደዚያም ሆኖ ይገዛል፤ በብዙ መቶ ዶላር ይገዛል። ነገሩ የሚከብደው እዚህ ላይ ነው። ያልተነካ ሳንቲም መሆኑን ማወቅ ለማንም ዓይን አያዳግትም ይሆናል፤ ካለቀና በጣም ካለቀ መካከል መለየት ግን ራሱን የቻለ ሙያ ነው።

ለዚህ ሲባል የደረጃ ስሞች ወጡ። ከታች ስንጀምር ፖር፣ ፌር፣ አባውት ጉድ፣ ጉድ፣ ቬሪ ጉድ፣ ፋይን፣ ቬሪ ፋይን እያለ ወደ ላይ ይሄዳል። በእኛ ቋንቋ ጆሮ ለሰማው «ጉድ» የሚለው ስም ያስቃል፤ ደግሞም እውነት አለበት። በሰብሳቢዎች ዘንድ «ጉድ» ማለት ጥሩ ማለት አይደለም። ፊቱ የጠፋ፣ የሴትየዋ ጠጉር የተላጨ፣ ቅርጹ ብቻ የቀረ ሳንቲም ነው ጉድ የሚባለው። ዓመቱና ፊደሉ ከተነበበ ግን ጉድ ነው።

ለእነዚህ ስሞች ቁጥር የሰጠው ዊልያም ሼልደን የተባለ አሜሪካዊ ሐኪምና የሥነ ልቡና ሊቅ ነው። በ1949 ባሳተመው መጽሐፍ ስለ ጥንቶቹ ትልልቅ ፔኒዎች ሲጽፍ ከ1 እስከ 70 የሚደርስ መለኪያ አወጣ። አሳቡም 70 የተባለው ሳንቲም 1 ከተባለው ሰባ እጥፍ ያወጣል የሚል ነበር። የዋጋው ስሌት ብዙም ሳይቆይ ፈረሰ፤ ገበያ ለሊቅ አይታዘዝም። ቁጥሩ ግን ወደ ሌሎቹ ሳንቲሞች ሁሉ ተዛመተና ቀረ። ዛሬም ፖር 1፣ ፌር 2፣ አባውት ጉድ 3፣ ጉድ 4፣ ቬሪ ጉድ 8፣ ፋይን 12 ይባላል። ኋላም በመካከል 6፣ 10፣ 15 እየተባለ ተጨማሪ ደረጃ ገባበት።

ከዚያ በኋላ መጻሕፍት መጡ። በ1958 ብራውንና ደን የተባሉ ሰዎች የደረጃ መጽሐፍ አወጡ። በ1970 ጄምስ ረዲ «ፎቶግሬድ» የተባለውን አሳተመ፤ ይህ የእያንዳንዱን ደረጃ ፎቶግራፍ ስለሚያሳይ እኛ የተማርነው ከእሱ ነው። በ1970ዎቹ መጨረሻ የአሜሪካ ሳንቲም ሰብሳቢዎች ማኅበር የራሱን ይፋ መለኪያ አወጣ። ቀጥሎም ፒ.ሲ.ጂ.ኤስ. በ1986፣ ኤን.ጂ.ሲ. በ1987 ሥራ ጀመሩ። እነዚህ ሳንቲሙን ተቀብለው፣ መርምረው፣ ደረጃውን በወረቀት ጽፈው፣ በጠንካራ ፕላስቲክ አሽገው የሚመልሱ ድርጅቶች ናቸው። ከዚያ ወዲህ ገዢው ሳንቲሙን ከማየቱ በፊት ወረቀቱን ማንበብ ለመደ።

«ይህ ሁሉ የፈረንጅ ጣጣ ነው» እንዳትሉን። አያቶቻችንም ያውቁበት ነበር። ጠገራ ብር ሲቀበሉ በትከሻዋ ላይ ያለውን የጌጥ ነጥብና የራሷን ዘውድ ዕንቍ እየቆጠሩ፣ የተፋቀውን «ይህ ያለቀ ነው፤ ሌላ አምጣ» ብለው ይመልሱ ነበር። ማረጋገጫቸው ጣታቸውና ዓይናቸው ነበር። የነጥቧ ቁጥር ከዓመት ዓመት አይለወጥም፤ ወይ አለ ወይ የለም።

እንግዲህ ወደ እናታችን ነገር እንምጣ።

ባለቤታቸው፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ሰብሳቢ ነበሩ። ከእሳቸው የቀረው አንድ ሰማያዊ ካርቶንና ጥቂት ትንንሽ የወረቀት ፖስታዎች ናቸው። ከፖስታዎቹ አንዱ ውስጥ የ1916 የዴንቨር ዳይም አለ። በላዩ ላይ በእርሳስ «አባውት ጉድ» ተብሎ ተጽፏል። እናታችን «ልጆቼ፣ እስቲ እዩልኝ፤ ምንድን ነው?» ብለው አመጡልን። እኛም አጉሊ መነጽራችንን አወጣን፤ የ1970ውን መጽሐፋችንን ዘረጋን። ዓመቱ ይነበባል፤ የዴንቨር ምልክት የሆነችው ፊደል በጀርባው ከታሰረው እንጨት ግርጌ አጠገብ በግልጽ አለች። የፊቱ ጠርዝ ደህና ነው። የጀርባው ጠርዝ ግን በሦስት ቦታ ላይ ተበልቶ ከፊደሎቹ ራስ ጋር ተዋሕዷል። እኛ በተማርነው ሕግ አንድ ዳይም ጉድ ለመባል ጠርዙ በፊትም በጀርባም ዙሪያውን ቆሞ ከፊደሎቹ ተለይቶ መታየት አለበት። ስለዚህ በሙሉ ልብ «አባውት ጉድ ነው፤ ባለቤትዎ ትክክል ጽፈዋል» አልናቸው። እሳቸውም በቃላችን ይዘው ሄዱና በአባውት ጉድ ዋጋ ሸጡት። የገዛው ሰው አላታለላቸውም፤ የጠየቁትን ከፈላቸው።

ስምንት ወር ያህል ቆይቶ አንዳችን ወደ ሳንቲም ገበያ ስንሄድ ያው ዳይም ከመስታወት ሥር ተቀምጧል። ከክንፉ በታች ያለችውን ጥቁር ነጥብ እናውቃታለን፤ ፎቶግራፍም አንሥተን ነበር። በፕላስቲክ ታሽጓል፤ ወረቀቱ ላይ «ጉድ 4» ይላል። በዚህ ሳንቲም በ3 እና በ4 መካከል ያለው የዋጋ ልዩነት በመቶዎች የሚቆጠር ዶላር ነው። ሳንቲሙ ላይ አንድም ነገር አልተጨመረም፤ አልተቀነሰም። የተለወጠው ስሙ ብቻ ነው።

በዚያን ዕለት ማታ አራታችን ተቀመጥን። በመጀመሪያ ያልነው «አሻጊዎቹ ተሳሳቱ» ነበር። ኋላ ግን በዚያ ገበያ የነበሩትን ሌሎች የታሸጉ ያለቁ ዳይሞች አንድ በአንድ ስናስታውስ፣ ጠርዛቸው እዚህም እዚያም ፊደል የነካ ሆነው «ጉድ 4» የተባሉ ጥቂት አልነበሩም። መለኪያው ከእኛ ወዲያ ሄዷል። እኛ በአሮጌ ሰዓት የዛሬን ሰዓት ነገርናቸው። ጥፋቱ የእኛ ነው።

ለመሆኑ መለኪያው ለምን ይለወጣል? ከሌሎች ሰብሳቢዎች ጋር ስንነጋገርበት በርካታ ምክንያት ይነሣል፤ ሦስቱን እንጥቀስ።

የመጀመሪያው፣ ደረጃ መስጠት የሰው ዓይን ሥራ መሆኑ ነው። ሚዛን ላይ አይወጣም፤ በክንድ አይለካም። መጽሐፉ «ጠርዙ ደካማ ነው» ይላል። ምን ያህል ደካማ? ይህን የሚወስነው በዚያ ሰዓት ሳንቲሙን የያዘው ሰው ነው።

ሁለተኛው፣ ግፊቱ ወደ አንድ አቅጣጫ መሆኑ ነው። አንድ ባለሳንቲም ያስመረመረው ዝቅ ብሎ ከመጣበት ፕላስቲኩን ሰብሮ እንደገና ይልከዋል፤ ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ። አንድ ቀን ከፍ ብሎ ከመጣለት ግን ዝም ብሎ ያስቀምጠዋል። «ከፍ አድርጋችሁብኛል፤ ዝቅ አድርጉልኝ» ብሎ የሚመልስ ማን አለ? በመሆኑም ከጊዜ ብዛት በገበያው ላይ የሚቀሩት ለጋሱን ዓይን ያገኙት ናቸው። አዲሱ ሰብሳቢም እነሱን እያየ «ጉድ ማለት ይህ ነው» ብሎ ይማራል። እንዲህ ነው መለኪያው ማንም ሳያውጅ የሚላላው።

ሦስተኛው፣ ደረጃው የዋጋ ስም እየሆነ መምጣቱ ነው። ተራው ዓመት ላይ በአባውት ጉድና በጉድ መካከል ያለው ልዩነት ጥቂት ሳንቲም ስለሆነ ማንም አይጨነቅም። ብርቅ ዓመት ላይ ግን አንድ እርምጃ ብዙ ገንዘብ ነው። ገዢው ለጠርዝ ጉድለት ብዙ ሳይከራከር ብርቁን ለማግኘት የሚከፍል ከሆነ፣ መዳቢውም ገበያው የሚከፍለውን ያህል ስም ወደ መስጠት ያዘነብላል።

ፍትሐዊ ለመሆን አንድ ነገር እንጨምር። መለኪያው የሚሄደው ወደ መላላት ብቻ አይደለም። በ1980ዎቹ አጋማሽ ባልተነኩት ሳንቲሞች ላይ ጠብቆ፣ ቀደም ብለው የገዙ ሰዎች ከስረውበታል። መላላቱም ቢሆን መጥበቁ፣ የሚጎዳው በመካከል ላይ የተገኘውን ነው። አንዱ በአሮጌው ይሸጣል፤ ሌላው በአዲሱ ይገዛል።

በአዲሱ ከገዙት አንዱ ደግሞ እዚሁ የምታውቁት ልጃችን ነው። አጠራቅሞ የ1877 ፔኒ ገዛ፤ ወረቀቷ «ፋይን 12» ይላል። በእነዚህ የሕንድ ራስ ፔኒዎች በግንባሯ ጥብጣብ ላይ «ሊበርቲ» የሚል ባለ ሰባት ፊደል ጽሑፍ አለ። እኛ የተማርነው ሕግ ቀላል ነበር፤ ምንም ፊደል ካልታየ ጉድ፣ ሦስት ፊደል ከታየ ቬሪ ጉድ፣ ቃሉ ሙሉ ሆኖ ከተነበበ ፋይን። በልጃችን ፔኒ ላይ መካከለኞቹ ሁለት ፊደሎች ጥላ ብቻ ናቸው። ሊሸጣት ወደ አንድ አሮጌ ሰብሳቢ ሲወስዳት «ይህች ቬሪ ጉድ ናት፤ በቬሪ ጉድ ዋጋ እወስዳታለሁ» አለው። ልጃችን ተናዶ «አጭበረበሩኝ» እያለ መጣ። አልተጭበረበረም፤ ሳንቲሟ እውነተኛ ናት፣ ወረቀቷም የሐሰት አይደለም። ነገር ግን የከፈለው ለቃሉ ነበር፤ ፊደሎቹን አልቆጠረም። አያቶቹ ግን ይቆጥሩ ነበር።

እንግዲህ ምን እናድርግ? እኛ ከስሕተታችን የተማርነውን እንዘርዝር።

አንደኛ፤ አትጠቡት። አሮጌ ሳንቲም ያገኘ ሁሉ እጁ ወደ ሎሚና ወደ ሳሙና ይሄዳል። የታጠበና የተፈተገ ሳንቲም ለሚያውቅ ሰው ወዲያው ይታያል፤ አሻጊዎቹም «የታጠበ» ብለው ይጽፉበታል፤ ዋጋውም ይወርዳል። ጥቁረቱ ዕድሜው ነው፤ ተዉት።

ሁለተኛ፤ ስሙን ሳይሆን የሚታየውን ጻፉ። «ጉድ» ብላችሁ አትጻፉ። «የፊቱ ጠርዝ ሙሉ፤ የጀርባው ጠርዝ በሦስት ቦታ ፊደል ነክቷል፤ ዓመቱ ይነበባል፤ የመምቻው ፊደል ግልጽ» ብላችሁ ጻፉ። ዛሬ የጻፋችሁት ለልጅ ልጃችሁም ይሠራል። ስሙ በየዘመኑ ይለወጣል፤ የተቆጠረ ፊደል ግን አይለወጥም። የእናታችን ባለቤት እንዲያ ጽፈውት ቢሆን ኖሮ እኛም ባልተሳሳትን ነበር።

ሦስተኛ፤ ወረቀት ስታዩ «የስንት ዓመት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። በ1970 በእርሳስ የተጻፈ «አባውት ጉድ» የዛሬው ጉድ ሊሆን ይችላል። የዛሬው «ፋይን» ደግሞ የዚያን ጊዜው ቬሪ ጉድ ሊሆን ይችላል። አሮጌ ፕላስቲክ ያለው ሰውም አይስበረው። ለምሳሌ በ1990ዎቹ አረንጓዴ ወረቀት ያላቸው የፒ.ሲ.ጂ.ኤስ. እሽጎች መለኪያው ጠንከር ባለበት ጊዜ የተሰጡ ናቸው እየተባለ ተጨማሪ ዋጋ የሚከፍልባቸው ሰብሳቢ አለ።

አራተኛ፤ ብርቅ ዓመት ያለው ሳንቲም ከሆነ በአንድ ሰው ቃል አትሽጡ፤ በእኛም ቃል ቢሆን። ሦስት ቦታ አሳዩ። በቅርቡ የተሸጡ የታሸጉ ሳንቲሞችን ፎቶግራፍ ከእናንተው አጠገብ አድርጋችሁ አስተያዩ። ማስመርመር ገንዘብ ያስወጣል፤ ስለዚህ ለተራ ፔኒ አያዋጣም። ለ1916 የዴንቨር ዳይም ግን ያዋጣል።

አምስተኛ፤ ከደረጃው በፊት እውነተኛነቱን። ባለፊደል አልባውን የፊላደልፊያ 1916 ዳይም ገዝተው የዴንቨርን ፊደል የሚለጥፉበት ሌቦች ጥንትም ነበሩ፤ አሁንም አሉ። የ1944 የዴንቨር ፔኒን የመጀመሪያውን አራት ፍቀው 1914 የሚያስመስሉም አሉ፤ በዚህ ጊዜ በ9 እና በ1 መካከል ሰፊ ክፍተት ስለሚቀር ይታወቃል። ሳንቲሙ ባለቀ ቁጥር ተንኮሉም ይሸፈናል። የማሸጊያው ትልቁ ጥቅም ይኸው ነው፤ ስለ ደረጃው ብንከራከርም ስለ እውነተኛነቱ ትልቅ ዋስትና ይሰጣል።

በመጨረሻም ያለቀ ሳንቲም አትናቁ። በ1916 የተመታው የቆመችው ሴት ኳርተር 52,000 ብቻ ነው። የዓመቱ ቁጥር ከፍ ብሎ ስለ ተቀረጸ ቶሎ ይፋቃል፤ ይህም እስከ 1925 ድረስ አልታረመም። ስለሆነም ዓመቱ ጨርሶ የጠፋበት ኳርተር እንኳን በጠጉሯና በልብሷ አቀራረጽ የ1916 መሆኑ ይታወቃል። ከዚያም አልፎ ፖር 1 የተባለውን፣ ማለትም ከእሱ በታች የማይኖረውን፣ ለማግኘት እርስ በርስ የሚወዳደሩ ሰብሳቢዎች አሉ። ማለቁ በራሱ የብዙ እጅ ታሪክ ነው።

ወደ እናታችን እንመለስና እንጨርስ። የቀረባቸውን ገንዘብ አራታችን አዋጥተን ይዘን ሄድን። ቡና አፍልተው ተቀበሉን። ገንዘቡን ስናቀርብ ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ፤ ከዚያም «ግማሹን ለዕድሩ ስጡልኝ። ግማሹን እቀበላለሁ፤ አለዚያ እናንተም አታርፉም» አሉ። ቀጥለውም «ይልቅስ ሌላው ሰው እንደኔ እንዳይሆን ተናገሩ» አሉን። ይህ ንግግር የእሳቸው ትእዛዝ ነው። በካርቶኑ ውስጥ የቀሩትን ሳንቲሞች አሁን አብረን አንድ በአንድ እየጻፍናቸው ነው፤ ስም ሳንሰጥ፣ የሚታየውን ብቻ።

በቤታችሁ የቆየ ሳንቲም ያላችሁ ካላችሁ በሚቀጥለው ስብሰባ ይዛችሁ ኑ። አጉሊ መነጽር ይዘን እንቆያለን። ዋጋ አንናገርም፤ አንገዛም፤ አንሸጥም። ጠርዙን አብረን እናያለን፤ ፊደሉን አብረን እንቆጥራለን፤ እናንተው ትጽፉታላችሁ።